የአውራ ጣት መንጠቆ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ከሞተር ጋራዥ ፎቅ፣
የፋብሪካው ደወል ሠራተኛ ሲለቅ።
በዚህች በሆውሊ፣ በታይዋን ሰፈር፣
ሰው ናስ ያለሰልሳል እንደ ገበሬ አፈር፤
ግማሹ ቱቦውን፣ ግማሹ ቁልፉን ይሠራል፣
የሠራውን ሳክስፎን መንፋት ግን ጥቂቱ ይደፍራል።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ፣
ተማሪዎቼ ስድስት፣ ሁሉም እኩዮች ለናቴ።
"ወንበሩን አትደገፉ፣ ጫፉ ላይ ተቀመጡ፣
እግራችሁ መሬት ይርገጥ፣ ትከሻን አታስቆጡ፤
ናሱ ወደ አፍ ይምጣ እንጂ አፍ ወደ ናስ አይሂድ፣
ጠፍሩን ከፍ አድርጉት፣ አንገት ይሁን እንደ ግንድ፤
ጣቶች ጎበጥ ይበሉ፣ ቀጥ ብለው አይገትሩ፣
የበሰለ ዘይቶን ይዘው፣ ሳይጨፈልቁት ይኑሩ፤
አውራ ጣት ከመንጠቆው ሥር፣ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም፣
እንደዚህ፣ አያችሁ? እንዲህ ሲሆን አያምም።"

ጡረተኛው ሹፌር ጉዎዶንግ እንደ መሪ ይጨብጠዋል፣
ዜማው በታጠፈ ቁጥር ከነወንበሩ ይዞራል፤
ዓሣ ሻጯ ዪንሁዋ በሁለት እጇ ታንቀዋለች፣
እንዳያመልጣት ነው መሰል፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታፈጣለች።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያስተማርሁት፤
"ለምን ወደ ግራ?" የሚል አንድ ሰው አላገኘሁት።
ራሴንም አልጠየቅሁ። ዕቃዬ አሮጌ ነው፣
አጎቴ በቁማር ዕዳ ምትክ ከሰው የወሰደው፣
አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አንገቴ ላይ ያንጠለጠለው።

በዚህ ወር ሚያውዩን መጣች፣ ጡረታ የወጣች በቀደም፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በእሳት ናስ ከናስ ስታጋጥም።
አንገቷን ደፍታ ነፋች።
"ቀና በይ፣ እትዬ" አልኋት።
"ልጄ፣" አለች፣ "አንገት ድፉ ተብለን ነው ያደግን፣
ለአለቃ፣ ለአማት፣ ለእሳት፤ ቀና ያለ ማንን አየን?
አሁን በስተርጅና ናስ ቀና በሉ ሲለን፣
የሚያመው አንገትን ነው ወይስ ልብን?"

ሳቁ። እሷም ሳቀች። ጠፍሯን ከፍ አደረግሁት ሁለት ጣት፤
አገጯ ቀና ሲል፣ ያ ሲጢጥ የሚል ትንፋሿ አገኘ ብርታት፤
አንድ ዝግ ያለ ድምፅ ደረጃውን ወርዶ ሄደ፣
የመካኒኩም መዶሻ ለአፍታ ያህል በረደ።

"አውራ ጣትስ?" አለችኝ።
"ወደ ግራ ዘመም" አልኋት፣ እንደ ልማዴ፣ እንደ ሁሌው።
"የለም፣ መንጠቆ እንዲያ አይያዝም፤ እስቲ ያንተን አምጣው።"
ተቀብላ ገለበጠችው፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
የብየዳውን ጠርዝ በጥፍሯ ዳበሰችው፣ ቀስ ብላ።
ቆየች።
"ይሄ የኔ ነው።"
"ምኑ?"
"መንጠቆው።
ያን ክረምት ቀኝ እጄን እሳት ልሶኝ ነበር፣
ቤት መዋል አልቻልሁም፤ የልጅ ትምህርት ክፍያ ነበር።
በግራዬ በየድሁ፤ ዘመመ፣ የፀጉር ያህል፣ ከመስመር።
ተቆጣጣሪው አላየም። እኔ አየሁ። ዝም አልሁ።
ስንቱ ሰው ጣት ላይ ይሆን ያን ዝምታ የጫንሁ?"

አውራ ጣቴን አየሁት። ጎኑ ላይ መጅ አለ፣
ሌሊት የሚጠዘጥዝ፣ ከልምምድ የመሰለ።
ዘጠኝ ዓመት ስንቱን ጣት ወደ ግራ አዘመምሁ!
የአንዲት ሴት ቃጠሎ ነው ሕግ ብዬ ያስተማርሁ።

"ቅዳሜ ቤቴ አምጣው፤ መበየጃዬ አለና፣
አንተ አንገቴን አቀናህ፤ እኔ መንጠቆህን ላቅና።"

ሄድሁ። አቀናችው። አሁን ጣቴ መንገድ ጠፍቶታል፤
ሃያ ሦስት ዓመት የለመደውን ጥመት በዳበሳ ይፈልጋል።

ማክሰኞ ክፍል ገብቼ "ስለ ጣት ያልሁትን ተዉት" አልሁ፣
ሰባተኛ ወንበር ስቤ ጫፉ ላይ ተቀመጥሁ።
ሚያውዩን ከኋላ መጥታ፣ ሳትናገር፣ ያለ አንድ ቃል፣
ትከሻዬን በሁለት ጣቷ ዝቅ አደረገችው።
ለካ ተሰቅሎ ኖሯል።